የአማቴ ወገብ

ከሸንኮር ወደ ፈረስ መጋላ በተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ፣ አንዲት እናት አጠገባቸው የተቀመጠውን ጎልማሳ ጠየቁት።

“ልጄ፣ ሁለት መክተፊያ ምን ያደርግልሃል?”

“መክተፊያ አይደለም እማማ፣ የፒክልቦል መምቻ ነው። ቴኒስ የመሰለ ጨዋታ ነው፤ ከአማቴ፣ ከሚስቴ አባት ጋር እጫወታለሁ።”

“እግዜር ደግ አማት ሰጥቶሃል።”

“ምን ደግ! ያጭበረብራሉ እንጂ። ኳሷን ሲያስጀምሩ ከወገብ በታች መምታት ነው ሕጉ። እሳቸው ሽርጥ ለብሰው ይመጡና፣ ሊመቱ ሲሉ ወደ ላይ ይስቡታል። ‘ወገቤ እዚህ ነው’ ይላሉ።”

“የት?”

“ብብታቸው ሥር!”

“ወይ ጉድ! ዳኛ የለም?”

“ዳኛዋ ሚስቴ ናት።”

“እሷማ በአባቷ አትፈርድም።”

“አሁን ግን ሕጉ ተሻሽሏል። ‘በግልጽ ከወገብ በታች’ ይላል።”

“ታዲያ ንገራቸዋ!”

“አማትን ‘ወገብዎን በግልጽ ያሳዩኝ’ ይባላል?”

“እሱስ ነውር ነው። አንተም ሽርጥ ልበስና ሳብ አድርገው።”

“ትናንት ሞከርኩ። ኳሷን ልመታ ስል ሽርጡ ወለቀ።”

“በስመ አብ! ሰው ነበር?”

“አማቴ፣ ሚስቴ፣ ሰፈርተኛው በሙሉ።”

“ኳሷስ?”

“ሳትኳት። ድሮ ነጥብ የሚቆጠረው ለሚያስጀምረው ብቻ ነበር፤ በአዲሱ ሕግ ለእሳቸው ተቆጠረ።”

“ምን ይደረግ ልጄ፣ በግልጽ የታየው ያንተ ወገብ ነዋ!”

እኔም ሆዴ ላይ ወጥቶ የነበረውን ቀበቶዬን፣ ፈረስ መጋላ እስክንደርስ ድረስ፣ ማንም ሳያየኝ ወደ ታች ስገፋ ቆየሁ።