ለሰባቱም ሞላሁላቸው

ያኔ በኮሮናው ጊዜ ነው። ጌሾ ስወቅጥ አረፋፍጄ ከዓባይ ማዶ ታክሲ ያዝሁ። ከፊቴ ሁለት የፋብሪካ ሴቶች ያወራሉ።

«በስልኬ መልእክት መጣ። ‹በበሽታው ምክንያት ሠራተኛ ይቀነሳል፤ መቆየት የሚፈልግ ስሙን፣ የባንክ ሂሳቡንና ሚስጥር ቁጥሩን ይላክ› ይላል።»

«ላክሽ?»

«ላክሁ እንጂ፣ ከፋብሪካው መስሎኝ!»

«ወይ አንቺ! የተማርሽው አንቺ ነሽ ስንል!»

«የኔስ ይሁን። በክፍላችን ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነኝ፤ ለሌሎቹ ለሰባቱም ሞላሁላቸው።»

«ሚስጥር ቁጥራቸውን ነገሩሽ?»

«እየዞርሁ ጠየቅኋቸው። አንዷም ከሥራ እንዳትቀርብኝ ብዬ እኮ ነው! ዛሬ በየሂሳባችን ባንክ ብጠይቅ የስምንታችንም ደሞዝ የለም።»

«ያውቃሉ?»

«ምን ያውቃሉ! ትናንት ‹ባለውለታችን› ብለው፣ በኮሮና እንኳ፣ እጄን ስመውኛል። አሁንም በር ላይ ይጠብቁኛል።»

ፋብሪካው ጋ ስንደርስ «ወራጅ» ያለችላት ጓደኛዋ ናት።

ቤቴ ስመለስ ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ መጣች። «እማማ፣ የኮሮና እርዳታ በስልክ እየመዘገቡ ነው አሉ። የባንክ ሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩኝ፤ እርስዎም እንዳይቀሩብኝ ከኔ ጋር አብሬ ልላክልዎ» አለችኝ።

ስልኳን ከእጇ ተቀበልሁና መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥሁት።