የመጀመሪያው መረብ

የብስክሌቴ ጎማ ተንፍሶብኝ ቀዳዳውን በውሃ ልፈትሽ ብዬ ወደ ሐይቁ ዳር ባልወርድ ኖሮ፣ ያን ጠዋት የሆነውን ባላየሁ ነበር። ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አፍ ጀልባዎች ተደርድረዋል። አጥማጆቹ መረባቸውን አሰናድተው ዓይናቸውን ምሰሶ ላይ በተሰቀለ ነጭ ጨርቅ ላይ ተክለዋል። ጨርቁ ካልወረደ በዚያ አፍ መረብ የሚጥል የለም።

ጨርቁን የሚሰቅሉትም የሚያወርዱትም የአጥማጆቹ አለቃ ናቸው። እሳቸው ሲናገሩ ሌላው ሁሉ ዝም ስለሚል «አባ ዝምታ» ይሏቸዋል እንጂ፣ እሳቸውስ ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም። ከፊታቸው የወንድማቸው ልጅ ቆማለች። ስለ ዓሣ ተምራ በሐይቁ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ናት፤ እልኸኝነቷን ግን ከትምህርት ቤት አላመጣችውም፣ የዘር ነው።

«መምህር፣ እንኳን መጡ! እስቲ ይፍረዱ» አሉኝ ገና ሲያዩኝ። «ያ ዳር ላይ የቆመው ዛፍ ሲያብብ ዓሦቹ ሊወልዱ ይመጣሉና ጨርቁን እንሰቅላለን። አበባው ረግፎ ሲያልቅ እናወርዳለን። ከአባቴ የተረከብኩት ሕግ ነው። አበባው ትናንት አለቀ፤ ይህች ልጅ ግን አያውርዱ ትለኛለች!»

«ሕጉንማ ማን ጠላው፣ አጎቴ?» አለች። «ዛፉ ነው የቸኮለው። ሙቀቱ ስለጨመረ ያለ ወትሮው ቀድሞ ያብባል። ዓሦቹ ደግሞ የሚጠብቁት አበባ አይደለም፤ ደፍርሶ የሚመጣውን ሙላት ነው። ድሮ ሁለቱ አብረው ይመጡ ነበር፣ አሁን ተለያዩ። ወንዙን ይዩት፤ ገና መደፍረሱ ነው።»

«ታዲያ በየዓመቱ በመክፈቻው ቀን መረባችን ሊቀደድ እስኪደርስ የሚሞላው ለምንድን ነው? በረከት አይደለም?»

«ሊወልዱ ሲሰበሰቡ ስለምንይዛቸው ነዋ! ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ መረብ ነው። ለዘር የተቀመጠውን እህል እየፈጨን ነው። ሆዳቸው ውስጥ እንቁላል አላያችሁም?»

«ዘግይተው የቀሩ ናቸው።»

«ሁሉም ከዘገዩ፣ የቸኮልነው እኛ ነን ማለት ነዋ።»

የምገዛው ዓሣ ከዓመት ዓመት እያነሰ አጥንት ብቻ መሆኑ ትዝ አለኝ። ነገር ግን ዝሆኖች ሲጣሉ ሣር መሆን አልፈለግሁምና ጎማዬን ውሃው ውስጥ መንከር ጀመርሁ። ከፊተኛው ጀልባ የሽማግሌው አለቃ ልጅ ጮኸ፤ «አባባ፣ ይወስኑ እንጂ! ልጆቼ ቤት ይጠብቁኛል!»

ሌሎቹም አጉረመረሙ። ሁለት ሰዎች ጀልባቸውን መግፋት ጀመሩ። ሽማግሌው በቁጣ ወደ ልጅቱ ዞሩ።

«መሥሪያ ቤታችሁ አምና ‹ጨርቁን ተዉት፣ እኛ ቀን ቆርጠን እንሰጣችኋለን› አላለም? ዛሬ ለጨርቁ ተቆርቋሪ ሆናችሁ?»

ፊቷ ቀላ። «ብሏል፤ ተሳስቷልም። ዓሣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቀን መቁጠሪያ አያይም። እነሱ የቆረጡት ቀንም ዛሬ ነው፤ ከአለቆቼ ጋር ተጣልቼ ነው የመጣሁት። እኔንም አይመኑኝ። የመጀመሪያውን መረብ ይጣሉና ዓሦቹን እንጠይቃቸው።»

ሁሉም ደነገጠ። በመክፈቻው ቀን የመጀመሪያው መረብ የሐይቁ ድርሻ ነው፤ የገባበት ዓሣ ሁሉ በሕይወቱ ይለቀቃል። ቢላ አይነካውም።

«የአባቴን መረብ በቢላ ልትነኪ?» አሉ።

«ያለ ቢላ አጎቴ። በእጅዎ ብቻ።»

 መረቡን አንሥተው ጣሉ።

«እጅሽን ሳታረጥቢ እንዳትነኪያቸው» አሉ ሲጎትቱ። «ቆዳቸው ይታመማል።»

«እኛም እንደዚሁ ነው የተማርነው» አለችና ፈገግ አለች። የመጀመሪያዋን ዓሣ እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። «ሆዷን ወደ ጅራቷ ቀስ አድርገው ይጫኑ።»

ተጫኑ። እንቁላሉ እንደ ማሽላ ፍሬ መዳፋቸው ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛዋን ያዙ፤ ፈሰሰ። ሦስተኛዋንም። ሁሉንም አንድ በአንድ ወደ ውሃው መለሱና መዳፋቸውን እያዩ ቆሙ። አባ ዝምታ ዝም ሲሉ ያየሁት ያኔ ነው። አዘንኩላቸው።

ወደ ምሰሶው ሄደው ጨርቁን የሚያወርዱ መስሎን ነበር። እሳቸው ግን የልጃቸው ጀልባ ውስጥ ገብተው ቁጭ አሉ።

«ዛፉ አልዋሸም፤ ሰማዩ ነው የተለወጠበት» አሉ። «ጨርቁ አይወርድም። በዚህ አፍ መረብ የሚጥል እኔን ረግጦ ይለፍ።»

«ልጆቼስ፣ አባባ?»

«ከእኔ ቤት ይበላሉ። እኛ ጥልቁ ውሃ ላይ እናጠምዳለን። ሩቅ ነው፣ አውቃለሁ። አብሬህ እቀዝፋለሁ።»

ልጁ መቅዘፊያውን አሸዋው ላይ ወረወረው። የአባቱን እርጥብ መዳፍ ሲያይ ግን ጎንበስ ብሎ አነሣው። ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሉ።

ከዚያ ዓመት ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ቀን መቁረጡን ትቷል። አሁን ዛፉ ሲያብብ አጥማጆቹ ይዘጋጃሉ፤ ወንዙ ሲደፈርስ ጨርቁ ይሰቀላል፤ የመጀመሪያው መረብ እንቁላል የለም ሲል ይወርዳል። የአባቶች ሥርዓት ሰውን ያስታግሳል፣ ትምህርት ደግሞ ጊዜውን ያስተካክላል፤ አንዱ ያለ ሌላው ሐይቁን ባላተረፈው ነበር። ከገበያ የምገዛውም ዓሣ ዳግም ሥጋ አውጥቷል።

በቅርቡ ስወርድ ጎረምሶች «አውርዱት እንጂ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። የሽማግሌው ልጅ እጁን አረጠበ፣ ዓሣዋን ተጫነና መዳፉን ዘርግቶ አሳያቸው። ሁሉም ዝም አለ። አባቱ ብቻ፣ ከወንድማቸው ልጅ አጠገብ ተቀምጠው፣ «እኔ ነኝ ያስተማርኩት!» እያሉ ይለፈልፉ ነበር። እሷም አላስተባበለቻቸውም።