የአቶ ገረመው ጠባይ፣ ከአምስት ስንት?

(ቅዳሜ ረፋድ፣ አዲስ አበባ፣ የኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ። ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የሚኖረው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ገረመው፣ በልብስ ማስጫ ገመድ የተነሣ ዘጠኝ ዓመት ከእሱ ጋር ስትጣላ በኖረችው በጎረቤቱ በአሰለፈች በር ላይ ወረቀት ይዞ ቆሟል።)

አሰለፈች፦ አልሞላም አልኩህ እኮ! ዘመድ የለህም? ጓደኛ የለህም?

ገረመው፦ ወይዘሮ አሰለፈች፣ ይስሙኝ እንጂ...

አሰለፈች፦ ይስሙኝ? ትናንት «አንቺ ሴትዮ» ስትለኝ አልነበር? ዛሬ አንቱ ሆንኩ? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

ገረመው፦ እሺ፣ ስሚኝ። መሥሪያ ቤቴ ለእድገት እያወዳደረን ነው። አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ መጥታ፣ የሰው ጠባይ በአምስት ዋና ዋና ነገር ይለካል አለች። ለእያንዳንዱ የሚያውቀኝ ሰው ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጠኛል።

አሰለፈች፦ ወንድምህ ይሙላልህ።

ገረመው፦ ሞላልኝ። ሁሉንም አምስት! «ይጨነቃል፣ ይከፋዋል» የሚለውን ሳይቀር። ባለሙያዋ አይታ፣ «ይሄ ሰው መልአክም እብድም ነው፤ በሉ የማያደላልዎት ሰው ያምጡ» ብላ ወረቀቱን መለሰችብኝ።

አሰለፈች፦ እና ከጠላትህ በር መጣህ።

ገረመው፦ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? ባስብ ባስብ ካንቺ በላይ የሚያውቀኝ አጣሁ።

አሰለፈች፦ ወይ ውርደትህ! አምጣው በል። አንተ አንብብ፣ እኔ ልሙላ። እስክሪብቶህንም ስጠኝ።

ገረመው፦ «ለአዲስ ነገር ልቡ ክፍት ነው።»

አሰለፈች፦ አንተ? የደረጃው አምፖል ተቀየረ ብለህ ስብሰባ ያስጠራህ ሰውዬ? አንድ!

ገረመው፦ ኧረ ሁለት አድርጊው፤ አምና ስልክ ቀይሬአለሁ።

አሰለፈች፦ ተሰርቀህ ነዋ! አንድ። ቀጥል።

ገረመው፦ «ሥራውን በጥንቃቄና በሥርዓት ያከናውናል።»

አሰለፈች፦ አምስት። ምን ታፈጣለህ? እውነት ነዋ። ተራው ሲደርስ ደረጃውን እንዳንተ የሚያጥብ የለም። ቆሻሻህን እንኳ እንደ ስጦታ አስረህ ነው የምትጥለው።

ገረመው፦ አመሰግናለሁ...

አሰለፈች፦ አታመስግነኝ፣ አልለመድኩትም። ቀጥል!

ገረመው፦ «ተጫዋች ነው፤ ከሰው ጋር መሆን ይወዳል።»

አሰለፈች፦ እድር ላይ ጥግህን ይዘህ ትቀመጥና ጭንቅላት ከመነቅነቅ በቀር ቃል አይወጣህም። ሁለት። ለእኔ ሲሆን ግን ምላስህ አይደክምም።

ገረመው፦ እሱስ አይቆጠርልኝም?

አሰለፈች፦ ሦስት በለው እሺ።

ገረመው፦ «ለሰው አሳቢ፣ ተስማሚ ነው።»

አሰለፈች፦ ሃ! ገመዴን በቢላ የቆረጠ ሰው!

ገረመው፦ አምና ክረምት ሆስፒታል ተኝተሽ፣ የተሰጣ ልብስሽን ከዝናብ አንስቼ፣ አጣጥፌ በርሽ ላይ ያስቀመጥኩትስ?

አሰለፈች፦ አንተ ነህ? እኔ እኮ የታችኛዋን ሴትዮ አመስግኜ ሻርፕ ሰጠኋት!

ገረመው፦ እሷስ ምን አለች?

አሰለፈች፦ ምን ትላለች፣ «ምን አደረግኩና!» ብላ ሻርፑን ለበሰች! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሉ። ለምን አልነገርከኝም አንተ?

ገረመው፦ ተጣልተን ነበራ!

አሰለፈች፦ አራት። የመጨረሻውን በል።

ገረመው፦ «ይጨነቃል፣ ቶሎ ይከፋዋል።»

አሰለፈች፦ አራት። ባለቤትህን ባሰብካት ቀን ጠዋት ሬዲዮህን አትከፍትም። እስክትከፍተው ድረስ ለእኔም ቁርስ አይወርድልኝም።

ገረመው፦ ይሄን... ይሄን እንዴት አወቅሽ?

አሰለፈች፦ ግድግዳው ስስ ነው። በል ልፈርምልህና ሂድ። ለመሆኑ እድገቱ ምንድን ነው?

ገረመው፦ የመጋዘን ኃላፊ። አሶሳ።

አሰለፈች፦ አሶሳ? ለስንት ቀን?

ገረመው፦ ምን ቀን አለው፣ ጡረታ እስክወጣ ነው እንጂ። ስድስት ዓመት። ደስ ይበልሽ፣ ተገላገልሽኝ። ፈርሚ እንጂ።

አሰለፈች፦ እስክሪብቶው አይጽፍም።

ገረመው፦ አሁን ሲጽፍ አልነበር?

አሰለፈች፦ አልፈርምም!

ገረመው፦ አሰለፈች፣ እንጀራዬ እኮ ነው! ይህን ያህል ትጠይኛለሽ?

አሰለፈች፦ አንተ ደንቆሮ! የሚጠሉትንማ ሰው ይሸሹታል እንጂ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሩ ላይ ቆሞ የሚጣላ ማን አለ?