ወደ አስተማሪው አትመልሱት

እስቲ ስሙኝ፤ ሽሮ ሜዳ ነጠላ የምሸጥባት ሱቄ ገብቶ ጎኔን በጩቤ የወጋኝ የሰፈራችን ልጅ ነው። ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ። ጩቤውን አስይዞ የላከው ትልቁ ሌባ ቀድሞ ተፈርዶበት ወህኒ ወርዷል። የልጁ ቅጣት በሚወሰንበት ቀን ዐቃቤ ሕጉ «ወንጀሉ ከባድ ስለሆነ ከአዋቂዎች ጋር ይታሰር» ሲሉ፣ እውነቴን ነው፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዳኛዋ «ወይዘሮ፣ እንደ ተበዳይ የሚሉት አለዎት?» አሉኝ። «አዎ፣ ይታሰር!» ልል ብድግ ስል ግን አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ።

«ክብርት ዳኛ፣ ያ ጩቤውን የሰጠው ሰውዬ የት ነው የታሰረው?»

«እዚያው የአዋቂዎቹ ወህኒ ነው» አሉ ዐቃቤ ሕጉ።

«ታዲያ ይቀጣ እንጂ፣ ለምን ወደ አስተማሪው ትመልሱታላችሁ?»

ዳኛዋ ትክ ብለው አዩኝና ከባልደረቦቻቸው ጋር ተንሾካሾኩ። በኋላ ውሳኔው ሲነበብ፣ ልጁ ወደ ወጣት አጥፊዎች ማረሚያ ሄዶ ትምህርቱን እዚያ እንዲቀጥል ተባለ። እናቱ ከኋላ እልልታዋን ስታስነካው ፖሊሱ «ፀጥታ!» ብሎ ጮኸ። ማን ሊሰማው! እኔው ተበዳይዋ ጎኔን በእጄ ደግፌ አብሬያት አቀለጥኩት።