በነጠላ ጠርዝ ላይ የታተመ ዘይት

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ባጥለቀለቀበት ክረምት ነው። ወረታ ላይ ጎማ የማይሰምጥበት ቦታ የመንገዱ ዳር ብቻ ስለ ነበር፣ ሾፌሮች መኪናቸውን በአንድ ጎኑ ከመንገዱ፣ በሌላው ጎኑ ከተዳፋቱ ላይ ያቆሙ ነበር። የአያ አያልነህ የጭነት መኪናም ያን ማለዳ ወደ ቀኝ አዘንብላ ቆማለች።

ላምባ ነጋዴዋ ወይዘሮ ማናዬ ባሏን ገብረማርያምን ከጭነቱ ላይ ጭድ አንጥፋ አስተኝታዋለች። መጥረቢያ የመታው እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጧል፤ ገላው በትኩሳት ይነድዳል። ዛሬ ጎንደር ሐኪም ቤት ካልደረሰ እንደማይተርፍላት ታውቃለች።

አያ አያልነህ ኮፈኑን ከፈቱ፤ የዘይት መለኪያውን ቀጭን ብረት መዘዙና ሳይጠርጉ ወደ ብርሃን ቀና አድርገው አዩት።

«ሙሉ ነው፤ ተሳፈሩ» አሉ።

ይፋግ ድረስ ሊሳፈር የመጣ በላቸው የሚባል ጎረምሳ አጠገባቸው ቆሟል። ባሕር ዳር የሞተር ሥራ ይማራል፤ ለክረምቱ ወደ እናቱ መሄዱ ነው።

«አያ አያልነህ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እንዲህ አይለካም» አለ። «መኪናዋ አዘንብላለች፤ መለኪያውም ባዘነበለችበት በኩል ነው።»

«የኔ ጌታ፣ እኔ መሪ ስይዝ አንተን እናትህ አላሰበችህም።»

«አልካድሁም። ግን ብረቱ ላይ ምልክቱን ያሳዩኝ።»

አያ አያልነህ ብረቱን አገላበጡት። እንደ መስተዋት ያበራል እንጂ ምልክት አይታይበትም። ንጹሕ ዕቃ ስለሚወዱ እሑድ እሑድ በአመድ ይፈትጉታል። ዘይቱም ሰሞኑን እዚሁ ተዳፋት ላይ የተለወጠ ስለሆነ ገና የጠራ ነው። የጠራ ዘይት በሚያበራ ብረት ላይ የቱ ጋ እንዳቆመ ማን ዓይን ይለየዋል?

ወይዘሮ ማናዬ ተቆጣች። «አንተ ልጅ፣ ሰውዬው እየነደደብኝ ነው። ክርክሩን ስትመለስ ታደርሰዋለህ።»

«እትዬ፣ እኔም እንዲደርሱ ብዬ ነው። ዘይት ያነሰው ሞተር ሜዳውን ይሄድልዎታል። ከአዲስ ዘመን ወዲያ ዳገቱን ሲይዝ ግን ብረት ከብረት ይፋጭና ቀጥ ይላል። በዚህ ዝናብ፣ ሰው በሌለበት፣ አቶ ገብረማርያምን ማን ይሸከማቸዋል?»

ይህ ልቧን ወጋት። ይሁን እንጂ ወይዘሮ ማናዬ ሰው ስለተናገረ ብቻ የያዘችውን የምትለቅ ሴት አይደለችም።

«ማዘንበሏ ዘይቱን ምን ያደርገዋል? ያው ውስጧ ነው፤ የት ይሄዳል?» አለች።

«እርስዎ በርሜል ውስጥ ስንት ላምባ እንደቀረ በምን ያውቃሉ?»

«ሸምበቆ እሰድበታለሁ። እስከረጠበበት አያለሁ።»

«በርሜሉ ቢያዘነብልስ?»

«አቃንቼው ነዋ። ባዘነበለው በኩል ብሰድማ ሸምበቆው ግማሽ ድረስ ርሶ ይወጣና...» ቃሏን ሳትጨርስ መኪናዋን አየች። ቀኝ ጎማዋን አየች። አንገቷንም እንደ መኪናዋ ዘመም አደረገች።

«ላምባና ሞተር ምን አገናኘው?» አሉ አያ አያልነህ።

«ሁለቱም የሚፈስ ነገር ነው። ከሱቄ ፊት ጠጠር ያስነጠፍሁበት ደልዳላ አለ። እዚያ ይውሰዷትና ይለካ።»

«ይረፍድብናል።»

«የሚረፍደው በኔ ባል ነው። ደልዳላ ላይ ሳይለካ አልሳፈርም።»

ገብረማርያም ከላይ ሆኖ በደከመ ድምፅ ሳቀ። «አያ አያልነህ፣ ይሸነፉ። እኔ ከተጋባን ጀምሮ አሸንፌያት አላውቅም።»

በላቸው ከመሄዳቸው በፊት ብረቱን ጠርጎ፣ መልሶ ከትቶ መዘዘውና ነጭ ጨርቅ ጠየቀ። ወይዘሮ ማናዬ የነጠላዋን ጠርዝ ዘረጋችለት።

«አዲስ ነጠላ?» አሉ አያ አያልነህ።

«ይታጠባል።»

ብረቱን ጨርቁ ላይ ሲጫነው ዓይን ያልለየው ዘይት ረጅም ሆኖ ታተመ። ከዚያ መኪናዋን ደልዳላው ላይ አቆሟት። ሞተሩ ጠፋ፤ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጠበቁ። በላቸው እንደገና ጠርጎ፣ ከትቶ፣ መዝዞ ከመጀመሪያው ምልክት አጠገብ አተመው። የአሁኑ ከጫፉ እምብዛም አላለፈም።

«አሁን በጥፍርዎ ይዳስሱት» አላቸው። «ቀለሙ ቢጠፋም ሁለት ጭረት አለ። ዘይቱ በሁለቱ መካከል መሆን ነበረበት።»

አያ አያልነህ ብረቱን በጥፍራቸው ዳበሱ። ሁለቱንም ጭረት አገኙ። ዘይቱ ከታችኛው እንኳ አልደረሰም፤ ሰሞኑን ሲለወጥም አዘንብላ በቆመችበት ተለክቶ ኖሯል። የዘይቱን ቆርቆሮ ራሳቸው አወረዱና እየለኩ ጨመሩ።

«አንተ ልጅ፣ እስከ ጎንደር አብረኸኝ ትሄዳለህ» አሉ ቆርቆሮውን ሲከድኑ። «እናትህን በመልስህ ታያታለህ።»

ዳገቱን በዝናብ ወጡት። መኪናዋ አቃሰተች እንጂ አልቆመችም። ሐኪሙ የእግሩን መግል ካወጣ በኋላ፣ አንድ ሌሊት ቢጨመር እግሩን እቆርጠው ነበር ብሎ ለወይዘሮ ማናዬ ነገራት።

ከዚያ ወዲህ አያ አያልነህ አመዱን ተዉ፤ ጭረቶቹንም በሞረድ አጎሏቸው። ደልዳላ ላይ ያቆማሉ፤ ሞተር ያጠፋሉ፤ ይጠብቃሉ፤ ጠርገው መልሰው ይለካሉ፤ ካልታያቸው በነጭ ጨርቅ ያትማሉ። የራዲያተሩን ውሃ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ የፍሬኑንም ዘይት ሳይነሡ ያያሉ። እንዲህ ሲደረግ ሞተር ከመቃጠል፣ ሰው ከመንገድ ከመቅረት ይድናል። የሚወስደው ጊዜ ደግሞ ሾፌሩ ከተሳፋሪ ጋር ከሚከራከርበት ያነሰ ነው።

ነጠላው ግን አልታጠበም። ገብረማርያም በከዘራው እየተመረኮዘ ለመስቀል ደመራ አብረው ሲወጡ፣ «አንቺ ሴት፣ ኧረ ሰው ያየናል» አላት።

«ይየን» አለች ወይዘሮ ማናዬ፤ ጠርዙንም ወደ ውጭ አዞረችው። «ረጅሙ የተዳፋቱ ነው፤ አጭሩ የደልዳላው። አንተን በእግርህ ያቆመልኝ አጭሩ ነው።»