ለታማሚዋ ያልተነገረው

አያ ባዩ መርዶ ሲነግሩ ቃል አያበዙም። ደብረ ታቦር ዳርቻ ባለው ሰፈራቸው ሰው ሲሞትበት፣ ዘመዱ ሳይሰማ አስቀድሞ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ሥርዓታቸውንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከዋዜማው ሰው ልከው ሐዘንተኛው እራት መብላቱን ያጣራሉ፤ በባዶ ሆዱ መርዶ የሰማ ሰው ሲወድቅ አይተዋልና። ጎህ ሲቀድ ከቅርብ ሰዎቹ ሁለቱን በግራና በቀኝ ያስቀምጡለታል። ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው የሟቹን ስም ይጠሩና «አርፏል» ይላሉ። «ትንሽ ደከም ብሎት ነበር» እያሉ ዙሪያውን የሚዞሩትን አይወዱም።

በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ፣ ሆስፒታል በጽዳት ለምትሠራው ለገነት የወንድሟን ሞት እንደዚሁ ነግረዋት ወጡ። ልቅሶው ከጀርባቸው እየተሰማ ከአጥሩ በር ሲደርሱ አንዲት ቀጭን ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማ አገኙ። ዶክተር ዓይናለም ነበረች፤ ከገነት የሥራ ባልደረቦች ጋር ለልቅሶው መምጣቷ ነው። አያ ባዩ ወዲያው አወቋት። ከሁለት ዓመት በፊት ባለቤታቸውን ማሬን የመረመረች እሷ ነበረች። አሁን ደግሞ ታናሽ እህታቸው ፈንቴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ናሙና የሰጠችው ለዚችው ሐኪም ነው። ውጤቱ ሊነገራት የተቀጠረው ለዚያው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር።

«የፈንቴ ውጤት መጣ?» አሏት።

«መጥቷል አባቴ። ለሷው እነግራታለሁ» አለችና ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች።

ሃያ ሁለት ዓመት ክፉ ወሬ የተሸከመ ሰው፣ ሌላ ተሸካሚ ሲያይ አይጠፋውም። አያ ባዩ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ፊታቸውን እየጠበሰው ወደ ዋናው መንገድ አብረው መውረድ ጀመሩ። ባጃጅ ቢመጣም አልተሳፈሩም።

ጥቂት እንደ ሄዱ ለመኗት። ፈንቴ መበለት ናት፤ እርሻዋን የያዘችው ብቻዋን ነው፤ የካንሰርን ስም ከሰማች ጉልበቷ ይከዳታል። ስለዚህ ዶክተሯ «እጢ ነው» ብላ ትለፍላት። ወረቀቱን ለእሳቸው ትስጣቸው፤ የሚያደርጉትን እሳቸው ያውቃሉ።

«እንደ ማሬ ማለትዎ ነው?» አለች ዓይናለም።

«አዎ፣ እንደ ማሬ። ሳትሰቀቅ ነው የሄደችው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ያኔ ሰምተሽኛል።»

ዓይናለም ቆመች። «ያኔ ለምን እንደ ሰማሁዎ ያውቃሉ?»

«አክብረሽኝ ነዋ።»

«አላከበርኩዎም አባቴ። ቸኩዬ ነበር። የዚያን ቀን ከበሩ ውጭ ስልሳ ሰው ነበር። ካንሰር ነው ብዬ ብነግራት ታለቅሳለች፣ ትጠይቃለች፤ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ‹ብርድ ነው፣ ትድኛለሽ› ለማለት አንድ ደቂቃ በቃኝ። እርስዎ ሲለምኑኝ ደስ ነው ያለኝ።»

አያ ባዩ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቁም። ሐኪም ሲባል ለእሳቸው ወይ የሚያውቅ ወይ የሚኮራ ሰው ነበር፤ የሚያፍር ሐኪም አይተው አያውቁም። እሷ ግን አንዴ ከጀመረች በኋላ አላቆመችም። አስታማሚው በሩ ላይ ጠብቆ «ለሷ እንዳትነግሪያት» የማይላት ቀን እንደሌለ ነገረቻቸው። ባለፈው ክረምት አንድ ባልደረባዋ ለታማሚ እውነቱን በመናገሩ ወንድምየው ኮሌታውን ይዞ ከግድግዳ ጋር አጋጭቶታል፤ ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ለማንም እውነቱን አልተናገረም፣ በወሩም ሥራውን ትቶ ሄደ። የቀሩት ደግሞ ተምረዋል፤ ቁርጡን ነገር በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ይጽፉና አጥፈው ለወንድ ዘመድ ይሰጣሉ። ታማሚዋ የራሷን ሞት በባሏ ኪስ ይዛ ትመለሳለች።

አያ ባዩ ተቆጡ። «ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ሰው ማስደንገጥ ነው? አንቺ ነግረሽ በሩን ትዘጊያለሽ። ይዘናት ቤት የምንገባው እኛ ነን። ተስፋዋን ከቆረጥሽው በኋላ መድኃኒቱ ምኑን ይይዛል? ጎረቤቴ እሸቴ በነገሩት በሳምንቱ አይደል የሞተው?»

«እሸቴ የሞተው በታመመ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ስለነገሩት ነው ሳምንት የመሰለዎ።»

«ምላስሽስ ደኅና ነው።»

«ያስተማሩንን ከጠየቁኝ፣ ያስተማሩን ዛሬ እርስዎ ገነት ቤት ያደረጉትን ነው። ፊት ለፊቷ ተቀመጡ፣ የቅርብ ሰው ይኑራት፣ በግልጽ ንገሯት፣ ከዚያ ዝም በሉ ይላል። መጽሐፉን እርስዎ የጻፉት ነው የሚመስለው። እኔ ያለሁበት ክፍል ውስጥ ግን አንድ ወንበር ነው ያለው፤ እሱንም እኔው ተቀምጬበታለሁ።»

ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ፈገግታውን ግን አላቆየችላቸውም። የገነት ወንድም መሞት ለሦስት ወር ቢደበቃት፣ እሷም በዚያው ሰሞን ሠርግ ሄዳ ብትጨፍር ምን ይላሉ ስትል ጠየቀቻቸው።

«ነውር ነዋ» አሉ ሳያስቡ። «ሐዘኑ የሷ ነው። ማን ሰጥቷቸው ነው የሚነጥቋት? የምታስፈታው ፍትሐት አለ፣ የምትሰናዳበት ተዝካር አለ...»

ዓይናለም አላገዘቻቸውም። መጽሐፉ እንዳለው ዝም አለች።

በዚያ ዝምታ ውስጥ አያ ባዩ ማሬን አዩ። ብርድ ነው ተብላ ከሆስፒታል ስትወጣ ፊቷ የበራውን አዩ። ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል እንድትሄድ የተጻፈላት ወረቀት በእሳቸው ኮት ውስጥ ነበር። ትንሽ ትበርታ ብለው አቆዩት፤ ከዚያ ደግሞ ምን ብለው እንደሚወስዷት ጨነቃቸው። እሷ ግን መፍትሔውን ራሷ አገኘችው። ብርድ ከሆነማ ዋንዛዬ ፍልውሃ አለ ብላ፣ ስንቋን ቋጥራ ከፈንቴ ጋር ሄደች። አንድ ሱባዔ ተነክራ መጣች፤ ደስ ስላላት ሁለተኛ ሄደች፤ ሦስተኛም ሄደች። በየመሐሉ ገብስ ታርም ነበር። ወደ ሐኪም ያመጣት የማኅፀን ደም ግን አልቆመም። ወረቀቱ ከኮቱ በወጣ ጊዜ የባሕር ዳር ሐኪሞች «ምነው እስካሁን?» ብቻ ብለው መለሷቸው።

የመሰረትም ነገር አለ። ብቸኛ ልጃቸው ያኔ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። በየእሑዱ ስትደውል እናቷ «ብርድ ነው ልጄ፣ ለብርድ ብለሽ ሥራሽን እንዳታቋርጪ» ትላታለች። አያ ባዩ አጠገቧ ተቀምጠው ይሰማሉ። ልጅቱ የመጣችው እናቷ ከተቀበረች በዐሥራ አንደኛው ቀን ነው።

«ሳትሰቀቅ ነው የሄደችው ብዬሻለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ተለውጦ። «ልጇን ሳታይ ነው የሄደችው። ብትነገራት ትጠራት ነበር።»

«መትረፍም ትችል ነበር» አለች ዓይናለም። «ይህን የምነግርዎ እርስዎን ለማቁሰል አይደለም። ጥፋቱ የሁለታችን ነው። ለፈንቴ ግን ጊዜው አላለፈም፤ ከሌሎች ይልቅ እርስዎን የምታምን ይመስለኛል። አብረን እንንገራት።»

አያ ባዩ የመለሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈንቴ ቁርሷን በልታ መምጣቷን የሚያጣራ ሰው እንልካለን አሉ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ዓይናለም ከሌሎች ክፍሎች ሁለት ወንበር ለምና አመጣችና በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። ደጅ ያለው ሰልፍ አጉረመረመ፤ አንዱም በሩን ደበደበ። አያ ባዩ ከእህታቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ፈንቴ» አሉ። «ጡትሽ ላይ ያለው ካንሰር ነው።»

ፈንቴ አልጮኸችም። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቅልላ ፈታችው፣ ደግማ ጠቀለለችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ሐኪሟ አዙራ ይቆረጥ እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ከተቆረጠ በኋላ በሬ መጥመድ ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ዓይናለም ለእያንዳንዱ መለሰችላት። የማታውቀውን አላውቅም አለቻት፤ ትድኛለሽ ብላ አልማለችላትም፤ የመዳን ዕድል ግን አለሽ፣ ዕድሉ ያለው አሁን ነው አለቻት።

ጥያቄዋን ስትጨርስ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«የማሬስ፣ አያ? ብርድ ነበር?»

አያ ባዩ መርዶ እንደሚነግሩት ፊት ለፊት አይተዋት መለሱ። «ብርድ አልነበረም።»

«ዋንዛዬ ጀርባዋን ያሸኋት እኔ ነኝ እኮ» አለች በቀስታ። «ውኃው ሲነካት ትስቅ ነበር። ቀለለኝ ትለኝ ነበር። እኔም አዎ፣ ከስተሽ ነው የቀለለሽ እላት ነበር። ለሷ አለመንገርህስ እሺ፣ ለኔ ብትነግረኝ እዚያ እወስዳት ነበር?»

አያ ባዩ ዓይናለም ለባሕር ዳር የጻፈችውን ወረቀት ከጠረጴዛው አነሱ። ፈንቴ እጇን ዘረጋች። «ወረቀቴን ስጠኝ» አለች። ወረቀቱን ተቀብላ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

ይህን ያነበበ ሰው፣ እውነቱ መነገሩ ምን ጠቀመ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ፈንቴ የጤፍ አጨዳ ሳይደርስ ባሕር ዳር ቀዶ ሕክምናዋን አደረገች። ወዴትና ለምን እንደምትሄድ ስለምታውቅ አንድም ቀጠሮ አላለፋትም። መድኃኒቱ ፀጉሯን ሲያረግፈው ምን እንደሆነ ስለተነገራት አልደነገጠችም፤ ሻሽ አሰረች። እርሻዋን ለእኩል አራሽ ሰጠች። ሴት ልጆቿን ጡታችሁን ተመርመሩ ብላ ላከቻቸው። ከሁሉ በላይ ግን ስለ ገዛ ነፍሷ የምትወስነው ራሷ ሆነች፤ ማሬ ይህን አላገኘችም። ዓይናለምም ሁለቱን ወንበሮች አልመለሰችም። ከምሳ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ክፉ ውጤት ለሚነገራቸው ሰዎች ለይታ፣ አስታማሚውን ሳይሆን ታማሚውን አስቀድማ ትጠራለች። ሰልፉ ግን አላጠረም፤ ሐኪምም አልተጨመረም። አንዳንድ ቀን ያ አንድ ሰዓት ሳይኖር ይመሻል፤ ያን ቀን ስትሄድ ማንንም ቀና ብላ አታይም።

ፈንቴ ትዳን አትዳን ገና አልታወቀም። ወንድሟን ቤተ ክርስቲያን ስታገኛቸው ትስማቸዋለች፤ ቤታቸው ግን አትገባም።

አንድ የቀረ ነገር ነበር። መሰረት አሁን ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ አነስተኛ ሱቅ ከፍታለች፤ እናቷ በብርድ እንደ ሞተች ታምናለች። በጥር ወር አንድ ንጋት አያ ባዩ ፈንቴን ከቤቷ ደጅ ጠሯት። ምንም አልጠየቀችም፤ ሻሿን አጥብቃ ተከተለቻቸው። መሰረት ሱቋን ልትከፍት ቁልፍ ይዛ ከቤቷ ስትወጣ ሁለቱን በሩ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ልጄ» አሉ አያ ባዩ። «ማታ እራት በልተሻል?»

መሰረት የእሳቸው ቤት ልጅ ናት፤ ይህ ጥያቄ ለማን እንደሚጠየቅ ታውቃለች። ቁልፉን ደረጃው ላይ አስቀመጠችና ከአክስቷ አጠገብ ተቀመጠች።