በመዝገብ ስለተጻፈው ወልደ ኪዳን የተሰጠ ቃል

የምስክሩ ስም፦ ቄስ ጋሻዬ ተክለ ሚካኤል
ዕድሜ፦ 56 ዓመት
ሥራ፦ የአሸተን ማርያም አገልጋይና ገበሬ
አድራሻ፦ ላስታ አውራጃ፣ ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ አሸተን ማርያም አጠገብ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ ሰኔ 22 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ሸዕባን እንድሪስ
ጉዳዩ፦ የሌላ ሰው የሥልጠና ጥሪ ደብዳቤ ሊወስድ ሲል ተያዘ የተባለው ምናለ ጋሻዬ

ስሜ፣ ዕድሜዬና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ነው። የተያዘው ምናለ ጋሻዬ የ19 ዓመት ተማሪና የአብራኬ ክፋይ ነው። ለልጁ ብሎ ይዋሻል እንዳልባል፣ የምናገረው እውነት ከእሱ ይልቅ እኔን የሚጎዳ መሆኑ አስቀድሞ ይጻፍልኝ።

ቅዳሜ ሚያዝያ 3 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ የሆሣዕና ዋዜማ፣ ልጄ በሚማርበት ትምህርት ቤት የሙያ ትርኢት ይታያል፣ ተማሪው ወደፊት የሚሠራውን ይመርጣል፣ ወላጅም ይምጣ ተባለ። ይህን የነገረኝ የልጄ አስተማሪ መምህር አረጋ ነው። እኔ አላመንሁም። በ1977 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሜ ስንዴ ይታደላል ተብሎ ከቤቱ እንደወጣ በመኪና ተጭኖ ለሰፈራ ሄዷል፤ ይኑር ይሙት እስከ ዛሬ ወሬው የለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ ኑ የሚለኝን ሁሉ እጠረጥራለሁ። ልጄን ብቻውን ከምልከው ብዬ አብሬው ወረድሁ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስንደርስ ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ተደርድሯል። የግብርናዎቹ የእህል ዘር ይዘዋል፣ አንድ አናጢ መጋዙንና መላጊያውን ዘርግቷል። ከክፍሎቹ ጓሮ ግን ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ቆሞ አየሁ። መምህር አረጋን ብጠይቀው ዕቃውን ያመጣው ነው አለኝ። ዕቃ ያመጣ መኪና ባዶውን አይመለስም ብዬ በልቤ ያዝሁት። ደግሞ ዳቦና ሻይ በነፃ ያድላሉ። ማን በነፃ ያበላል? እኔ አልቀመስሁም፣ ልጄንም ከለከልሁት።

በጤናው ጠረጴዛ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ከደሴ መጣሁ የምትል ሴት ነበረች። የጤና ረዳት ሥራ እንዲህ ነው እያለች ልጆቹን በሚዛን ትመዝናለች፣ ቁመታቸውን ትለካለች፣ ስማቸውን ትጽፋለች። ልጄ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ መኪናው ወደቆመበት ጓሮ ዞሬ አየሁ። ቁመትና ክብደት የሚለካው ለብሔራዊ ውትድርና ነው፤ ለመማር ቁመት ምን ያደርጋል? እሱ ግን ፊቱ በርቷል። የልብ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጋለት የእኔን ደረት አዳመጠና «አባዬ፣ ልብዎ ይሮጣል» አለኝ። ለምን እንደሚሮጥ እኔ አውቃለሁ።

ጤናን የመረጠ ፎርም ሞልቶ በዚያው ቀን ፈተና ይቀመጣል ተባለ። ልጄ እግሬ ላይ ወድቆ ለመነኝ። ብከለክለው ተደብቆ እንደሚሄድ ስላወቅሁ ከአጥሩ ጥግ ወስጄ አንድ ነገር አዘዝሁት፤ ጥፋቱም ይኸው ነው። ምናለ የሚለው ስሙ በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ አለ፤ ለውትድርና ሰው የሚመለመለውም ከዚያ ነው። ስለዚህ በክርስትና ስሙ እንዲመዘገብ አደረግሁ። ልጄ ሲጠመቅ ወልደ ኪዳን ተብሏል፣ እኔም ገብረ ሊባኖስ ነኝ። ስለዚህ ወልደ ኪዳን ገብረ ሊባኖስ ብሎ ሞላ። ይህ ውሸት አይደለም ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ በእግዚአብሔር ፊት የምንጠራበት ስም ነው፣ ነገር ግን ሰው ለማታለል እንደተጠቀምሁበት አልክድም። ነገ ልጫን ብሎ የመጣ ሁሉ ወልደ ኪዳንን ፈልጎ እንዲያጣው ነው ያደረግሁት። ወልደ ኪዳን እሱ መሆኑን ለማንም እንዳይናገር፣ እኔ እስክፈታው ድረስ በክህነቴ ገዘትሁት።

መኪናው ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛውንና ሚዛኑን ብቻ ጭኖ ሄደ። ያን ዕለት ግዝቱን መፍታት ነበረብኝ። ዛሬ ካልጫኑ ነገ ይጭናሉ እያልሁ ሳልፈታው ቀረሁ።

በሰኔ ወር ለወልደ ኪዳን ገብረ ሊባኖስ ደብዳቤ መጥቶ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ አንድ ሳምንት ተሰቀለ። ለጤና ረዳት ሥልጠና አልፈሃል፣ እስከ ዓርብ ሰኔ 26 ደሴ ካልቀረብህ ቦታህ ለሌላ ይሰጣል ይላል። ባለቤቱ ጠፋ። ዓርብ ሰኔ 19 ቀን ልጄ ለእኔ ሳይነግር ሄዶ ደብዳቤውን ከሰሌዳው ሲያነሳ ተያዘ። ወልደ ኪዳን ማን ነው፣ ወረቀቱን ለምን ፈለግኸው ቢባል አላውቀውም ብቻ አለ። በማግስቱ መምህር አረጋ ዳገቱን ወጥቶ ቤቴ መጣና «ቄስ ጋሻዬ፣ ልጁ አንድ ነገር ውጧል፤ እርስዎ ካላስተፉት አይተፋም» አለኝ። እኔም አላውቅም ብዬ ሸኘሁት።

ዝም ብል ልጄ በሌባነት ይፈረድበታል፣ ሥልጠናውም ያልፈዋል። ብናገር ደግሞ፣ ደብዳቤው ራሱ ወጥመድ ቢሆንስ? በሁለቱም ስሙ አሳልፌ መስጠቴ ነው። ትናንት የሰኔ ማርያም በዓል ነበረና መቅደስ ገብቼ ቆምሁ፤ ዕድሜ ልኬን ያዜምሁት ዜማ ከአፌ ጠፋ። ይማርሽ፣ የልጁ እናት፣ ከበዓሉ መልስ አላናገረችኝም። ልጁን ያሰረው የእኔ ግዝት መሆኑን ገምታለች።

ዛሬ ጠዋት በዚህ ፖሊስ ጣቢያ ልጄ ፊቴ ቀርቦ ወልደ ኪዳንን ታውቀዋለህ ወይ ተብሎ ሦስት ጊዜ ተጠየቀ። ሦስት ጊዜ አላውቀውም አለ፤ ዓይኑን ግን ከእኔ ላይ አልነቀለም። ሲቆርብ የሚጠራበትን ስሙን ካደ። ጴጥሮስ የካደው ለራሱ ፈርቶ ነው፤ ልጄን ያስካድሁት እኔ ነኝ። አፈርሁ። ደብዳቤውን ለማየት ጠይቄ ተሰጠኝ፣ ማኅተሙንም ወደ መስኮት ይዤ አየሁት፤ እውነተኛ ይሁን ሐሰተኛ መለየት አልቻልሁም። በዚሁ ክፍል ቆሜ ግዝቱን ፈታሁት። ሃምሳ አለቃው ያንኑ መልሶ ሲጠይቀው ልጄ «እኔ ነኝ» አለና አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ።

በመሆኑም ምናለ ጋሻዬና ወልደ ኪዳን ገብረ ሊባኖስ አንድ ሰው ናቸው። የማንንም ቦታ አልወሰደም። መቀጣት ያለበት ያዘዘው ነውና እኔ ልታሰር፣ እሱ ይለቀቅ።

ቢለቀቅ በክረምት መንገድ ሰኔ 26 ደሴ በምን ይደርሳል ብዬ ጠየቅሁ። ነገ ጠዋት ወደ ደሴ የሚመለስ የጭነት መኪና አለ ተባልሁ። የትኛው ብል፣ ያ ሸራ የለበሰው ነው አሉኝ። ወደ ደሴ መሄዱን አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። ቢሆንም ይህ ቃል እንዲነበብልኝ አልፈለግሁም፣ ራሴ አንብቤዋለሁ፤ የተጨመረበትም የጎደለውም የለም። በእጄ እፈርማለሁ። የሚቀጡኝ ከሆነም፣ እስከ ነገ ጠዋት ይታገሡኝና ልጄን መኪናው ላይ ራሴ ላውጣው።

የምስክር ፊርማ፦ ቄስ ጋሻዬ ተክለ ሚካኤል፣ በክርስትና ስሜ ገብረ ሊባኖስ

የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ ሸዕባን እንድሪስ